በረዶ የማይወደው ጄል

የሆስፒታሉን ዋርዶች ከላቦራቶሪው ሕንጻ ጋር በሚያገናኘው ረጅም ኮሪደር ላይ፣ ሰማያዊ የበረዶ ባልዲ አንጠልጥሎ የሚፈጥን ሽበታም ሰው ሲመጣ ነርሱም የጽዳት ሠራተኛውም በሽተኛውም ግድግዳ ተጠግቶ ያሳልፈዋል። አባ በረዶ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውስ የለም። እሱም ቅጽል ስሙን አይጠላውም። እንዲያውም አንድ አዲስ ተቀጣሪ በሙሉ ስሙ ቢጠራው፣ «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎታል እየተባለ ይወራበታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ከበሽተኛ ገላ የተቆረጠች የዕጢ ቁራሽ ትመጣለታለች። እሱ ህዋሶቿን ለያይቶ ጄል በሚሉት፣ በሚረጋ ፈሳሽ ውስጥ ይዘራቸዋል። ህዋስ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ሲያድግ እንደ ተደፋ ውሃ ይዘረጋል፤ ጄል ውስጥ ሲሆን ግን በሁሉም በኩል የሚደገፍበት ስለሚያገኝ፣ ልክ ገላ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይድቦለቦላል። ከዚያ አባ በረዶ መድኃኒት እየጨመረ የትኛው እንደሚገድላቸው ያያል፤ ያየውንም ለሐኪሙ ይነግራል። ሐኪሙ ያንኑ መድኃኒት ለበሽተኛው ያዛል።

ጄሉ ከወዴት ይመጣል ቢሉ፣ ከአይጥ ነው። አይጧ ላይ ዕጢ እንዲያድግባት ይደረጋል፤ ዕጢው ሲያብጥ ትገደላለች፤ ዕጢው ተፈጭቶና ተጣርቶ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ይህ ጄል አንድ ጠባይ አለው፤ ሲቀዘቅዝ ውሃ ነው፣ ሲሞቅ ይረጋል። ስለዚህ እስኪዘራበት ድረስ ከበረዶ አይለይም፤ አባ በረዶም ከባልዲው አይለይም።

ደግሞ ከሕያው ነገር የሚመጣ ነገር እንደ ሕያው ነገር አመለኛ ነው። በአንዱ ጠርሙስ ህዋሱ ይፋፋል፣ በሌላው ይኮሰምናል። ስለዚህ አባ በረዶ አዲስ ጠርሙሶች በመጡ ቁጥር ከእያንዳንዱ ቆንጥሮ ይሞክርና፣ ህዋስ ያፋፋውን «ይሄ እጁ ይጣፍጣል» ብሎ ፍሪዘር ውስጥ ለክፉ ቀን ይሸሽገዋል፤ ያኮሰመነውን ይጥለዋል። ያስተማራቸው ሁሉ ይህን ትልቅ ጥበብ ነው ብለው ይዘውት ሄደዋል። ጥበብ ሳይሆን ወጥመድ ነው ያለው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልተሰማም።

ታዲያ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ እጃቸው ከሚጣፍጥ ጠርሙሶች የመጨረሻውን በረዶ ውስጥ ቀብሮ ወደ ሌላው ሕንጻ ሲያቋርጥ፣ የእህቱ ልጅ ከሴቶች ዋርድ ደረጃ ስትወርድ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሷም በዚያው ግቢ፣ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል የምትሠራ ተመራማሪ ናት። ከእንጨት ቃጫ ጄል ትሠራለች። በዚህ ምክንያት አጎቷ ራሱ «አናጢዋ» ብሎ ስም አወጣላትና ስሙ በግቢው ሁሉ ተዛመተ። እጇ ላይ የእናቷ የሌሊት ልብስ የታጨቀበት ፌስታል አለ።

እናቷ ላይኛው ፎቅ ተኝታለች፤ የአንጀት ካንሰር ነው። የአባ በረዶ ታላቅ እህቱ ናት። በስልክ ኦፕሬተርነት ደመወዟ አሳድጋ ያስተማረችው እሷ ስትሆን፣ እስከ ዛሬ «እትዬ» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ስትታመም ዕጢዋን በገዛ እጁ ጄል ውስጥ ዘራ፤ መድኃኒቷንም እሱ መረጠ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ።»

«አናጢዋ! ጠፋሽ እኮ። መጋዝ ስትስዪ ነው?»

ልጅቱ አልሳቀችም። ወትሮ ቀልዱ ባያስቃትም እንኳ ለወጉ ፈገግ ትልለት ነበር።

«እትዬ እንዴት ናት?» አለ ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ።

«ሲያስመልሳት ነጋ።»

«አይዞሽ። ጠንካራ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል። እኔ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ገና ሲነካቸው እኮ ህዋሶቿ እንደ ደረቀ ጭቃ ነው የፈረሱት። ሆዷም ውስጥ እንደዚያ እያፈረሰላት ነው።»

«ትናንት የሆዷን ምስል አንሥተዋት ነበር። አልነገሩዎትም?»

«ኧረ ማንም የነገረኝ የለም።»

«ዕጢው አድጓል ጋሼ።»

አባ በረዶ ባልዲውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ከዚያ ኮሪደሩ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ባልዲውን እግሩ ሥር አኖረው። ልጅቱም ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች።

«አሁን የመጣሁት ከሐኪሟ ዘንድ ነው» አለች። «ከዕጢዋ የተረፈችውን ቁራሽ በእኔ ጄል ዘርቻት ነበር። እርስዎ የመረጡት መድኃኒት ምንም አላደረጋቸውም፤ ከሞከርኳቸው መድኃኒቶች ሁለተኛው ነው የገደላቸው። ይቀየርላት ብዬ ለመንኩት። ‹እኔ የማውቀው አባ በረዶን ነው፤ እሳቸው ይቀየር ካሉ ዛሬውኑ እቀይራለሁ፣ ካላሉ ግን በእንጨት ጄል ወሬ መድኃኒት አላቋርጥም› አለኝ።»

«ልክ ብሏል!»

ቃሉ ያመለጠው ሳያስብ ነው። ሰው ድንገት ሲደነግጥ መጀመሪያ ከእሳት የሚያወጣው ክብሩን ነው፤ እህትና ወንድም ተራቸውን ይጠብቃሉ። አባ በረዶም ከአፉ የወጣውን ከመመለስ ይልቅ ይገነባበት ጀመር።

«ልክ ነዋ! አንቺ ልጅ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም? እኔ በዚህ ጄል ሸብቻለሁ። ዓለም በሙሉ የሚሠራው በእሱ ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«ያውቁታል ጋሼ?»

«ምኑን?»

«ሰይጣኑን። ጠርሙሱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ይንገሩኝ።»

«ፕሮቲን ነው እንግዲህ። ህዋስን አቅፎ የሚይዘው አለ፤ የሚያጣብቀው አለ።»

«ሌላስ?»

«ህዋስን የሚያበረታታውም አለ፤ እደግ እደግ የሚለው።»

«ምን ያህል?»

«እሱ እንደ ጠርሙሱ ነው።»

«ሌላስ ጋሼ?»

«ሌላ ብዙ ነገር አለ! የገላ ጭማቂ ነው እኮ፣ ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል?»

«እናቴን የዘሯት እዚያ ‹ሌላ ብዙ ነገር› ውስጥ ነው» አለች ልጅቱ ዝግ ብላ።

አንዲት ነርስ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች በፊታቸው አለፈች። ሁለቱም እግራቸውን ሰብስበው አሳለፏት። አባ በረዶን በገዛ ኮሪደሩ በእህቱ ልጅ እንደ ተማሪ መጠየቁ ቆጨው።

«አሁን ገባኝ» አለ። «አንቺን ያሳዘነሽ አይጡ ነው። የዛሬ ልጆች ለአይጥ ታነባላችሁ፣ ሰው ሲሞት ትረጋጋላችሁ።»

«ለአይጧም አዝናለሁ፤ ምን እደብቅዎታለሁ። በሽታ ተክለንባት፣ አሳብጠን፣ ፈጭተን አንዲት ብልቃጥ ስናወጣ ለማዘን ጻድቅ መሆን አያስፈልግም። ዛሬ ግን የመጣሁት ለአይጥ አይደለም። እሺ፣ አይጧን እንተዋት። ጠርሙስ ሲመርጡ በምንድን ነው የሚመርጡት?»

ይህን ጥያቄ ይወደዋል። ሳይታወቀው ድምፁ ለሰለሰ።

«ህዋሱን በሚያፋፋው ነዋ። መሬትም እኮ የሚመረጠው በሰብሉ ነው። ለእትዬማ ከሁሉ የሚሻለውን አወጣሁላት፤ ለእሷ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው የሚመስለው። ምነው ባየሻቸው! አንድ ሳምንት ሳይሞላቸው ሳህን ሙሉ ሕይወት ሆኑ። እንደዚያ የፋፋ ህዋስ በዕድሜዬ አላየሁም።»

«መድኃኒቱስ? የሚገድለው ምን ዓይነቱን ህዋስ ነው?»

«ይሄን እኔን ትጠይቂኛለሽ? ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈለውን ነው።»

«የእማዬ ዕጢ ቶሎ ቶሎ ነው የሚከፋፈለው?»

አባ በረዶ ባልዲውን በእግሩ ገፋ አደረገው። ዝናቡ የኮሪደሩን ቆርቆሮ ጣሪያ ይደበድባል።

«ዘገምተኛ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቆይቶ የታወቀውም ለዚህ ነው።»

«በእርስዎ ጄል ውስጥስ?»

አባ በረዶ ዐይኑን ባልዲው ላይ ጣለ።

«እኔ ልመልስልዎት። በእርስዎ ጄል ሮጠ። ያ እደግ እደግ የሚለው ነገር አስሮጠው። መድኃኒቱም የሚሮጥ አገኘና ገደለ፤ እርስዎም ደስ አለዎት። እናቴ ሆድ ውስጥ ግን የሚያስሮጠው የለም፤ ተደላድሎ ተቀምጧል። መድኃኒቱ አልፎት ይሄድና የሚሮጥ ሲፈልግ ጸጉሯን ያገኛል፣ አፏን ያገኛል፣ አንጀቷን ያገኛል። ሌሊቱን ሙሉ ስትተፋ ያደረችው እሱን ነው።»

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። በሬው ግን ገደል የሚገባው ብቻውን ነው፤ ይህ ሰው በሳሩ ልምላሜ ተማርኮ ሌላ ሰው ነው ያስገባው። ነገሩ እየገባው ነበር፤ ቢሆንም ሲሮጡ የታጠቁት አይደለምና የስንት ዘመን ልማድ በአንድ ጠዋት ክርክር አይፈታም። አንድ የመጨረሻ መከላከያ ነበረችው፤ አወጣት።

«የአንቺንም እኮ ሞክሬዋለሁ!» አለ ጉልበቱን መታ አድርጎ። «ስትሰጪኝ የጣልኩት መሰለሽ? የእትዬን ህዋስ ግማሹን በእሱ ነበር የዘራሁት። ምን ሆነ መሰለሽ? ሳይረጋ ቀረ። ህዋሱ ሁሉ ዘቅጦ ታች ተጠራቅሞ ሞተ። አንቺ አታውቂም እንጂ፣ የእህቴን ህዋስ አባከንኩ ብዬ አልቅሻለሁ።»

«‹የአናጢ ሙጫ› ብለው በስብሰባ ላይ ማሳቅዎን ግን ሰምቻለሁ።»

«እሱ ቀልድ ነው።»

«ይሁን። እንዴት አድርገው ነበር የሠሩት?»

«እንዴት ይሠራል? እንደ ደንቡ ነዋ። ብልቃጦቹን በረዶ ላይ ደረደርኩ፤ ሳህኑንም በረዶ ላይ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ...»

«በረዶ ላይ?»

«አዎ፣ በረዶ ላይ» አለ። ገና አልገባውም ነበር።

ልጅቱ ፌስታሉን በሁለት እጇ ጨመቀችው።

«ጋሼ፣ በስልክ ነግሬዎት ነበር እኮ። የእኔ ጄል የሚረጋው ሲሞቅ አይደለም፤ ሁለቱ ፈሳሾች ሲቀላቀሉ ነው። እንዲሁ በክፍሉ ሙቀት ወዲያው ይያያዛል። ቅዝቃዜ ከነካው ይዘገያል፤ ህዋሱ ደግሞ አይጠብቀውም፣ ይሰምጣል። በረዶ እንዳያስነኩት ብዬዎት፣ ‹እሺ፣ እሺ› አሉኝ።»

ነግራዋለች። አሁን ድምጿ ጥርት ብሎ መጣለት። ያን ጊዜ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሐል ሰክቶ በሁለት እጁ በረዶ ይዝቅ ነበር። «እሺ፣ እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋና፣ ብልቃጦቿን ወስዶ የዛቀው በረዶ ውስጥ ቀበራቸው።

ክፋት አልነበረም። ክፉ ሰው ቢያንስ የሚሠራውን ያውቃል፤ ይህ ግን እጁ ብቻ ነው የሠራው፣ ልቡ አልነበረበትም። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው ተረት አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ መከራው ሁልጊዜ እምቢ ባዩ ላይ አይወርድም። አባ በረዶ ከአግዳሚው ተነሣ።

«አሳዪኝ» አለ።

ባልዲውን እዚያው ትቶት ተከተላት።

የልጅቱ ክፍል ጠባብ ነው። የረጠበ ወረቀት ይሸታል። መስኮቱ ሥር ነጭ የእንጨት ቃጫ የተዘፈዘፈባቸው ማሰሮ የሚያህሉ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። አባ በረዶ ገና ሲገባ ዐይኑ የበረዶ ማሽኑን ፈለገ፤ የለም። ልጅቱ ከማሞቂያ ሳጥኑ አንድ ሳህን አወጣችና ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባችለት። ጎንበስ አለ። በጠራው ጄል መሐል ትንንሽ ድብልብል ህዋሶች ተንሳፍፈው ቆመዋል። አልፋፉም፤ አልሰመጡምም።

«የእትዬ ናቸው?»

«የእሷ ናቸው። እነዚህ መድኃኒት አልነካቸውም። ከጎን ያሉትን ይዩ፤ እርስዎ የመረጡት የተጨመረባቸው ናቸው።»

አየ። ልዩነት የላቸውም። ቀጣዮቹን አየ፤ ሁለተኛው መድኃኒት የተጨመረባቸው ብትንትናቸው ወጥቷል። ቀና አለና መነጽሩን በካፖርቱ ጫፍ ጠረገ።

«ዕድል ቢሆንስ? አንድ ጊዜ የተገኘ ነገር ቢሆንስ?» አለ። አሁን የሚጠይቀው ለመርታት አልነበረም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደሚጠይቀው ነበር።

«ሦስት ጊዜ አዲስ ጄል ሠርቼ፣ ሦስት ጊዜ ዘርቼአለሁ። ጄሌ ትናንትም ዛሬም አንድ ነው፤ እኔ ያልጨመርኩበት ነገር አይገኝበትም። የእማዬ ዕጢ ሲዳሰስ ጠንከር ያለ ነውና ጄሉንም በዚያው ልክ አጠንክሬዋለሁ። ህዋሱ የሚጨብጠው ነገር ስለሚፈልግ መጨበጫ አስገብቼለታለሁ። ከዚያ ውጪ ማንም እደግ አይለውም።»

«እንግዲህ በአንቺ ጄል አንድ ነገር ተናገረ፣ በእኔ ጄል ሌላ። ማን ይፍረድ?»

ልጅቱ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ሌላ ሳህን አወጣች።

«ይሄ የእርስዎ ጄል ነው» አለች። «የአይጡ። እጁ አይጣፍጥም ብለው የጣሉትን ጠርሙስ አንሥቼ የዘራሁት ነው።»

አባ በረዶ ጎንበስ አለ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም። በገዛ ጄሉ ውስጥ፣ በጣለው ጠርሙስ ውስጥ፣ የእህቱ ህዋሶች ዘገም ብለው አድገዋል። የእሱ መድኃኒት ከላያቸው ፈስሶባቸዋል። አንዱም አልሞተም።

እውነቱ በእጁ ነበር ማለት ነው። በእጁ ነበርና ኮስማና ነው ብሎ ጣለው። ስንት በሽተኛ፣ ስንት ጠርሙስ እንደዚህ መርጦ እንደነበር ማሰብ ጀመረና ማሰቡን አቆመው፤ ለዚህ የሚሆን ሌላ ቀን ይኖራል። አሁን ደረጃውን መውጣት ነበረበት።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። አባ በረዶ ሲገባ ከወንበሩ ብድግ አለለት።

«ተሳስቻለሁ» አለ አባ በረዶ ሳይቀመጥ። «የልጅቱ ነው ትክክሉ። መድኃኒቱ ይቀየር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ያን ጊዜም እርግጠኛ ነበርኩ። አሁን ግን አይቻለሁ።»

ሐኪሙ የዕለቱን የደም ምርመራ ውጤት ከጠረጴዛው አንሥቶ አየው። ደግሞ አየው።

«ሁለተኛው መድኃኒት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው» አለ። «የመጀመሪያው ደግሞ ኩላሊቷን በጣም ጎድቶታል። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ ሙሉውን እሰጣት ነበር። አሁን በግማሽ እሞክራለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

ከሁለት ወር በፊት ብልቃጦቹ በረዶ ውስጥ ነበሩ። አባ በረዶ አመስግኖ ወጣ።

እህቱ ትራስ ተደግፋ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ጸጉሯ ረግፎ አንድ ሰማያዊ ሻሽ ሸብ አድርጋለች። እንደ ገባ ፊቱን አየችው።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆንክ? ማን መታህ?»

ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ እንደ ልጅነቱ ዐይኑን ጣቶቹ ላይ ጥሎ ነገራት። የማይሆናትን መድኃኒት መምረጡን፣ የልጇን ምክር አለመስማቱን፣ በረዶውን፣ አንድም ሳያስቀር። እህቱ አላቋረጠችውም። ሰው ሲናገር ጣልቃ አለመግባት የሥራዋ ልማድ ነው።

«የተሳሳተ መስመር ነው ያገናኘኸኝ በለኛ» አለች ሲጨርስ። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ውሃ አቀበላት።

«እትዬ፣ ይቅር በዪኝ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ ስሳሳት ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? ይቅርታ እጠይቅና መልሼ አገናኛለሁ። ደንበኛው ጆሮዬ ላይ ካልዘጋብኝ።» እጁን ያዘችው። «እኔ ገና አልዘጋሁም። በል ሂድ፣ ሌላውንም ሰው እንዲህ እንዳታደርገው። ልጅቱንም ከእንግዲህ በሰው ፊት አታስቅባት። ከእኔ ይልቅ በእሱ ነው የተቀየምኩህ።»

ሲወርድ ባልዲው አግዳሚው ሥር እንዳስቀመጠው አገኘው። በረዶው ቀልጦ ውሃ ሆኗል። እጁ የሚጣፍጠው የመጨረሻው ጠርሙስ ውስጡ ረግቶ ቀርቷል፤ ቢገለብጠውም አልፈሰሰም። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው።

ሁለተኛው መድኃኒት በግማሽ ልክ ተሰጣት፤ ሠራም። የሚቀጥለው ምስል ሲነሣ ዕጢው መኮማተር ጀምሮ ነበር። ኩላሊቷ ግን አልቻለም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ቀኗ ደርሶ ነው፤ ምን ይደረጋል» እያለ አባ በረዶን አጽናናው። እሱም «አሜን፣ አሜን» አለ። ቀኗ እንዳልደረሰ፣ በእጁ ጎትቶ እንዳመጣው የሚያውቁት በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሁለተኛዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ሰማያዊ ሻሽ ታጥፍ ነበር።

ወደ ሥራ በተመለሰ ዕለት የላቦራቶሪውን ሰዎች ሰበሰበ። ቀልድ የለመዱ ሰዎች ናቸውና አንዳንዶቹ ገና ሳይጀምር ፈገግ ብለው ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒት የምንመርጠው በእንጨቱ ጄል ነው» አለ።

«ጋሼ፣ እሱ የአናጢ ሙጫ አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ፣ የእሱኑ ቀልድ ለእሱ እየመለሰ።

«ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙኝ። የአይጡን ጄል በመረጥን ቁጥር የምንመርጠው ደስ የሚያሰኘንን ነበር እንጂ እውነቱን አልነበረም። የፋፋ ህዋስ አይተን በሽተኛው የዳነ ይመስለናል። ይሄኛው አያፋፋላችሁም፤ አያስደስታችሁም። ግን ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ የሠራችሁትና ከርሞ የምትሠሩት አንድ ይሆናል። የበሽተኛው ዕጢ ለስላሳ ከሆነ ታለሰልሱታላችሁ፣ ጠንካራ ከሆነ ታጠነክሩታላችሁ። በሽታ የምትተክሉባት አይጥ አያስፈልጋችሁም። ለሐኪሙ ‹አዎ› ስትሉትም አዎ ማለት ይሆናል። ለሁሉም ዓይነት ህዋስ ገና አልተሞከረም፤ የማይሆንበት ይኖራል። ያኔ አይሆንም በሉ። ከማለታችሁ በፊት ግን በራሱ አሠራር ሠርታችሁት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።»

ማንም አልሳቀም። ከኋላ የቆመ አንድ ሽማግሌ ባልደረባው፣ «ይህን ቀድመህ ብትለው ምን ነበረበት?» አለ፣ ክፉ ሳያስብ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ አባ በረዶ። «መጮሁ ግን ይጠቅማል፤ ጅቡ ነገም ይመጣል።»

ወራት አለፉ። የእንጨቱ ጄል ከጓሮው ክፍል ወጥቶ ትልቁን ላቦራቶሪ ወረሰ። ቀድሞ ቢሆን የማይሆናቸውን መርዝ የሚጠጡ በሽተኞች፣ የሚሆናቸውን አግኝተው በእግራቸው ወጡ። የአንዷ ባል ሊያመሰግን መጥቶ የአባ በረዶን እጅ ሊስም ቢያጎነብስ፣ ሽማግሌው እጁን ነጥቆ ወደ ልጅቱ አመለከተው። ሰውዬው ግራ ገባው፤ ሁለቱንም አመስግኖ ሄደ።

በዚያው ዕለት አባ በረዶ ማሞቂያ ሳጥኑን ሲከፍት ከታች መደርደሪያው ላይ አንድ የሚያውቀውን ሳህን አየ።

«እስካሁን አሉ?» አለ።

«አሉ» አለች ልጅቱ። «ቀስ እያሉ ያድጋሉ። እከፋፍልና እንደገና እዘራቸዋለሁ።»

ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባቸው። ድብልብሎቹ በጠራው ጄል መሐል ቆመዋል፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

«እትዬ...» አለ።

«እሷ አይደለችም ጋሼ። የገደላት ነው።»

«የገደላትማ...» አለና አልጨረሰውም። ልጅቱም ይጨርሱት አላለችውም፤ አይደለም አላለችውምም።

«ታዲያ ለምን ታቆዪዋቸዋለሽ?» አለ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብሎ።

«አዲስ ጄል በሠራን ቁጥር መጀመሪያ የምዘራው እነሱን ነው። ዘገም ካሉ ጄሉ እውነቱን ይናገራል ማለት ነው። ከሮጡ እደፋዋለሁ።»

በሩ ተንኳኳ። አዲስ የዕጢ ቁራሽ ከዋርዱ መጥቷል፤ የአንዲት ሴት ነው። አባ በረዶ ሳህኑን ወደ ቦታው መልሶ የሳጥኑን በር ቀስ ብሎ ዘጋ። እጁን ታጠበ፤ ጓንት አጠለቀ። ከዚያ ግራ እጁ፣ ማንም ሳያዘው፣ ድሮ ባልዲው ይቀመጥበት ወደነበረው ጥግ ሄደ። እዚያ ባልዲ የለም። እጁ ባዶ አየር ላይ ቆሞ ቀረ።

ልጅቱ አየችው። መዳፏ ውስጥ ይዛ ያቆየቻቸውን የጄሉን ሁለት ብልቃጦች፣ ሞቅ እንዳሉ አቀበለችው።